ሲታር ስሰማ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ከማን ልጀምር?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ክራር መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። አስተማሪዬ የህንድ ክላሲካል ሙዚቃ ስማ፣ ጆሮህን ይከፍትልሃል አለኝ። የማውቀው ስም ራቪ ሻንካርን ብቻ ስለሆነ ዩቲዩብ ላይ አንድ የአርባ ደቂቃ ቅጂ ከፈትኩ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ከበሮ የለም። ዜማውም የሚጀምር አይመስልም። እንቅልፍ ወሰደኝ። ታላላቆቹ እነማን ናቸው? ከማን ልጀምር? ደግሞስ ለምንድነው ሁሉም አንድ ዓይነት የሚመስለኝ?»

ወንድሜ፣ እንቅልፍ ስለወሰደህ አትፈር። ህንድ፣ ፑኔ ከተማ ለትምህርት በሄድኩበት የመጀመሪያ ዓመት እኔም ልክ እንዳንተ ነበርኩ። ዛሬ ይህን ሙዚቃ ሳልሰማ የማሳልፈው ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል። ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ያቺን ሃያ ደቂቃ እናንሳ። አላፕ ትባላለች። ከበሮው የሌለው ሆን ተብሎ ነው። አንተ «መቼ ነው የሚጀምረው?» እያልክ ስትጠብቅ ተጫዋቹ ጀምሮ ግማሽ መንገድ ሄዷል። አላፕ ላይ የራጋውን፣ ማለትም እንደ እኛ ቅኝት ያለውን የዜማ ሥርዓት፣ ድምፆች አንድ በአንድ ያስተዋውቅሃል። አንዱን ይነካል። ትቶት ይሄዳል። ከታች ይመጣበታል፣ ከላይ ይወርድበታል። ያ ድምፅ ጆሮህ ውስጥ ቦታውን ሲይዝ ቀጣዩን ይጨምርልሃል። ትልቅ ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ ማንንም ሳይዘል እያንዳንዱን ሰው እየጨበጠ እንደሚዞረው ነው። ከዚያ ምት መሰል ነገር ይመጣል፣ ይፈጥናል፣ በመጨረሻ ታብላው፣ ጥንዱ ከበሮ፣ ይገባል። ታብላው ሲገባ ድምፆቹን ሁሉ ታውቃቸዋለህ። ሃያ ደቂቃው የዋለው ለዚያ ነው።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስለኛል» ላልከው ደግሞ መልሱ እጅህ ላይ አለ። ክራርህን አንሳ። ትዝታ ሜጀር ቃኘው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። እነዚህ አምስት ድምፆች በሰሜን ህንድ ቡፓሊ ወይም ቡፕ የሚባለው ራጋ ድምፆች ናቸው። በደቡብ ሞሃናም የሚባለው ራጋም የሚሠራው በእነሱ ነው። ግን ቡፓሊ ትዝታ አይደለም። የሚገርመው ደግሞ እዚያው ሰሜን ህንድ ውስጥ ዴሽካር የሚባል ሌላ ራጋ አለ። ድምፆቹ እነዚያው አምስቱ ናቸው። ራጋው ግን ሌላ ነው።

ልዩነቱ የቱ ድምፅ ላይ ታርፋለህ፣ በየት በኩል ትመጣለህ የሚለው ነው። ቡፓሊ ክብደቱ ሚ ላይ ነው። ከዋናው ድምፅ ተነስቶ ወደ ሚ ይሄዳል፣ ዞሮ ዞሮ ሚ ላይ ያርፋል። የምሽት ራጋ ነው። ዴሽካር ላ ላይ ይቆማል። ከላይ ነው የሚጫወተው፣ ብሩህ ነው፣ የጠዋት ነው። አሁን ሞክረው። አምስት ደቂቃ ሚን ማዕከል አድርገህ ተጫወት። ከዚያ ሚን ነካ አድርገህ ብቻ እለፋት፣ ላ ላይ ተቀመጥ። ክሩ ያው፣ ጣቱ ያው፣ ስሜቱ ግን ይለወጥብሃል። የህንድ ጆሮ የሚሰማው ይህን ነው። እኛም ጋ ትዝታ ከድምፆቹ በላይ የሆነ ነገር እንደሆነ ታውቃለህ። ስለዚህ አንተ ይህን ሙዚቃ ለመስማት ከብዙ ሰው የቀረብክ ነህ።

እንግዲህ የመጀመሪያ ስምህ ራቪ ሻንካር አይሁን። ኪሾሪ አሞንካር ትሁን። ከ1932 እስከ 2017 የኖረች የሙምባይ ድምፃዊት ናት። ቡፕን የዘፈነችበትን የስቱዲዮ ቅጂ ፈልግ። ማምሻውን፣ ስልክህን ራቅ አድርገህ ስማው። ቃላቱን መረዳት አያስፈልግህም። ሚ ላይ ስትደርስ ምን እንደምታደርግ ብቻ ተከተል። አስተማሪዋ እናቷ ሞጉባይ ኩርዲካር ነበረች። ራሷም ስመ ጥር ድምፃዊት ናት።

ከኋላ ሳያቋርጥ የሚነዘር አንድ ድምፅም ትሰማለህ። ታንፑራ ነው። ዜማ አይጫወትም። ዋናውን ድምፅ ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቆያል። ያ ንዝረት ከየት እንደሚመጣ ስትሰማ ደስ ይልሃል። ክሩ ድልድዩን በሚነካበት ቦታ ላይ፣ ከስሩ ቀጭን የጥጥ ፈትል ያስገቡበታል። ፈትሉን በጣት ወዲያ ወዲህ እያሉ ክሩ «ዝዝዝ» እስኪል ያስተካክሉታል። በገና ሲቃኝ አይተህ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንብህም። ከበገና አውታር ስር የምትገባው የቆዳ እንዝራ የምትሠራው ሥራ ይኸው ነው። ፑኔ ውስጥ አንዲት የታንፑራ ተጫዋች ፈትሉን በጥፍሯ ስትገፋ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሩብ ሚሊ እንኳ የማይሞላ እንቅስቃሴ ነው። ድምፁ ግን ድንገት ተከፈተ። ያን ቀን የአያቴ ቤት በገና ነበር በጆሮዬ የመጣው።

አሁን ወደ ሰዎቹ። በዚህ ሙዚቃ ሰውን የምታውቀው በስሙ ብቻ አይደለም። «የማን ተማሪ ነው?» ብለህ ትጠይቃለህ። የአጨዋወት ወገኑን ጋራና ይሉታል፣ ቃሉ የመጣው ቤት ከሚለው ነው። አንድ ቤት ያዝና ከአስተማሪው ወደ ልጆቹ ውረድ። ዝነኞቹን ተራ በተራ ከመስማት ይህ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ከአንድ ምንጭ የጠጡ ሰዎች እንዴት እንደተለያዩ ስትሰማ ነው ጆሮህ የሚሠራው።

ለጀማሪ የምመርጠው ቤት የማይሃር ቤት ነው። ማይሃር በማዕከላዊ ህንድ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አላኡዲን ካን የሚባሉ ሰው የማይሃር መስፍን የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ሆነው እዚያ ተቀመጡ። ሰው «ባባ» ነው የሚላቸው፣ አባባ እንደማለት። ሳሮድ የሚባለውን የክር መሣሪያ ይጫወታሉ፣ ቫዮሊን ይጫወታሉ፣ ከበሮም ይመታሉ። ሙስሊም ናቸው፤ ማይሃር ያለውን የሂንዱዋን አምላክ የሻርዳን ቤተ መቅደስም ያከብሩ ነበር። በ1972 አረፉ። አስተማሪነታቸው ግን የሚያስፈራ ነበር። ልጃቸው አሊ አክባር ካን በቀን እስከ 18 ሰዓት ይለማመድ እንደነበር ይነገራል።

ራቪ ሻንካር እዚህ ቤት የገባው በ1938 ነው። 18 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት በታላቅ ወንድሙ በኡዳይ ሻንካር የዳንስ ቡድን ውስጥ ፓሪስ ያደገ፣ ጥሩ ልብስና ጥሩ ሆቴል የለመደ ልጅ ነበር። ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ሻንጣውን ይዞ ማይሃር መጣ። ለሰባት ዓመት ያህል ቆየ። ዓለም የሚያውቀው የአሜሪካ ፌስቲቫሎቹን ሞንተሬይ 1967ንና ውድስቶክ 1969ን፣ የቢትልሱን ጆርጅ ሃሪሰንን ነው። ሥሩ ግን ማይሃር ነው። በነሐሴ 1971 ኒውዮርክ ለባንግላዴሽ በተዘጋጀው ኮንሰርት ላይ የሆነውን ምናልባት ሰምተህ ይሆናል። እሱና አሊ አክባር መሣሪያቸውን ቃኝተው ሲጨርሱ ሕዝቡ አጨበጨበ። ራቪ አመስግኖ፣ ቅኝቱን ይህን ያህል ከወደዳችሁት ጨዋታውን የበለጠ እንደምትወዱት ተስፋ አለኝ አለ። እነዚያም ሰዎች እንዳንተ መጀመሪያው የት እንደሆነ አላወቁም ነበር።

የዚያ ቤት ነገር ሲነሳ ግን እኔ ቆም የምለው ልጅቷ ጋ ነው። የባባ ልጅ አናፑርና ዴቪ። በ1927 ማይሃር ተወለደች። አባቷ ታላቅ እህቷን ሙዚቃ አስተምረው ድረው ነበር፤ አማቶቿ ሙዚቃዋን አልወደዱላትም፣ ልጅቷም ተጎዳች። አባትየው ታናሺቱን ላለማስተማር ወሰኑ። አንድ ቀን አሊ አክባር ሲለማመድ ይሳሳታል። ትንሿ ልጅ ውጭ እየተጫወተች ነበር። ጨዋታዋን ትታ «እንዲህ አይደለም፣ አባባ ያሉህ እንዲህ ነው» ብላ በድምፅ ታሳየዋለች። አባቷ ከኋላዋ ቆመው ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስተማር ጀመሩ። መጀመሪያ ሲታር፣ ቆይተው ሱርባሃር። ሱርባሃር ማለት የሲታር ታላቅ ወንድም በለው፤ ከፍ ያለ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ለአላፕ የተፈጠረ መሣሪያ ነው።

በ1941 ራቪ ሻንካርን አገባች። አብረው መድረክ ላይ ይጫወቱ ነበር። ትዳሩ ሻከረ፣ እሷም ከመድረክ ወረደች። ከዚያ በኋላ ለሕዝብ አልተጫወተችም። ሸክላ አላሳተመችም። ሙምባይ አፓርትመንቷ ውስጥ በሯን ዘግታ በ2018 እስክታርፍ ድረስ አስተማረች። ዛሬ የምንሰማው በግል የተቀዱ፣ ጥራታቸው የወረደ ጥቂት ቅጂዎችን ነው። እኔ አንዱን ስሰማ መጀመሪያ የገረመኝ ዝግታዋ ነው። አንድ ክር ትነካለች፤ ድምፁ ሊጠፋ ሲል ጎትታ ወደሚቀጥለው ድምፅ ትወስደዋለች። ሁለተኛ አልነካችውም። በአንድ ምት ሦስት አራት ድምፅ። ክራር ላይ ይህ አይቻልም፣ ክራራችን እንዲህ አይጎተትም። ስለዚህ በደንብ አድምጠው።

ከእሷ የተማረው ሃሪፕራሳድ ቻውራሲያ ዋሽንት ነፊ ነው፤ የህንዱን የሸምበቆ ዋሽንት ባንሱሪ ይሉታል። አባቱ የትግል ስፖርተኛ ስለነበር ልጁም እንደሱ የትግል ስፖርተኛ እንዲሆን ይፈልግ ነበር። ሃሪፕራሳድ የታወቀ ሙዚቀኛ ከሆነ በኋላ ነው በሯን ያንኳኳው። ለረጅም ጊዜ እምቢ አለችው። በመጨረሻ ከዜሮ ልጀምር ብሎ ዋሽንቱን ከቀኝ ወደ ግራ አዞረው። የለመዱት ጣቶች ሁሉ ሥራቸውን ረሱ ማለት ነው። እሷም ተቀበለችው። ቪዲዮ ላይ ስታየው እስካሁን በግራ በኩል ይዞ ነው የሚነፋው።

አሊ አክባር ካን በ1955 በቫዮሊኒስቱ በየሁዲ ሜኑሂን ግብዣ አሜሪካ ሄደ። በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮሌጅ ከፍቶ በ2009 እስኪያርፍ ድረስ አስተማረ። ሳሮዱ ሲታር ላይ እንዳለው ዓይነት ድምፅ መክፈያ (ፍሬት) የለውም። ለስላሳ የብረት ሰሌዳ ነው፤ ጣት ሳይሆን ጥፍር እያንሸራተቱ ይጫወቱታል። ኒኪል ባነርጂም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ሲታር ነው። በ1931 ተወልዶ በ1986 ገና በ54 ዓመቱ አረፈ። ከቤቱ ልጆች ሁሉ ልቤን የሚነካው እሱ ነው። ራቪ ሻንካር ሰፊ ነው፣ ምቱ ድንቅ ነው፣ አድማጩን ይዞ መሄድ ያውቅበታል። ኒኪል ለአንተ የሚጫወት አይመስልም። በር ተዘግቶ ሳለ በቀዳዳ የምትሰማው ያህል ነው።

ከቤቱ ስትወጣ ቪላያት ካንን ስማ። 1928 እስከ 2004። እሱም ሲታር ነው፣ ግን የሲታር ቤተሰብ ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም ታላላቅ ሲታር ተጫዋቾች ናቸው። ከሲታሩ ላይ ወፍራሞቹን ታችኛ ክሮች አወጣቸው። የፈለገው ሲታሩ እንደ ሰው እንዲዘፍን ነው። መድረክ ላይ ድንገት ማንጎራጎር ይጀምርና ያንኑ ሐረግ ወዲያው በክር ይደግመዋል። አሁን ራቪን ከእሱ ጎን አስቀምጠህ ስማ። «ሁሉም አንድ ዓይነት» ማለትህን ያኔ ትተዋለህ።

ቪላያት ያን ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። በህንድ የሙዚቃው ሁሉ መነሻ ድምፅ ነው፤ የሰው ጉሮሮ። ስለዚህ ዘፋኝ ሳትሰማ አትቅር። ቢምሰን ጆሺን ስጥልኝ። በ1922 ጋዳግ በተባለ የደቡብ ከተማ አካባቢ ተወለደ። ልጅ ሳለ የአብዱል ካሪም ካንን ሸክላ ሰማና እንደዚህ መዝፈን አለብኝ አለ። በ11 ዓመቱ ጉሩ፣ ማለትም አስተማሪ፣ ፍለጋ ከቤት ጠፋ። ያለ ቲኬት ባቡር እየተሳፈረ፣ ተቆጣጣሪ ሲይዘው እየዘፈነ፣ ሰሜን ህንድን ዞረ። ጓልዮር፣ ኮልካታ፣ ጃላንዳር። አባቱ ፈልጎ አግኝቶ መለሰው። እና ጉሩውን የት አገኘ መሰለህ? ከቤታቸው ብዙም በማይርቅ ኩንድጎል በሚባል ቦታ። ሳዋይ ጋንዳርቫ ይባላሉ። የማን ተማሪ ናቸው ብትል የዚያው የሸክላው ሰው፣ የአብዱል ካሪም ካን። ጉሩው ሲያርፉ ቢምሰን በ1953 ፑኔ ላይ መታሰቢያ ፌስቲቫል ጀመረ። እስካሁን በየታኅሣሡ ይካሄዳል።

እኔ ምት መቁጠር የተማርኩት እዚያ ፌስቲቫል ላይ ነው። ሜዳ ነው፣ ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፣ ብርድ ነው፣ ሁሉም ነጠላ መሰል ነገር ተከናንቧል። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያንቀሳቅሳሉ። ሲያዩኝ እያየኋቸው ነው። እጄን ያዙና መዳፌን በመዳፋቸው መቱት፤ አንድ። ከዚያ ከትንሿ ጣት ጀምረው በየተራ በአውራ ጣታቸው ነኩልኝ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እንደገና መቱ፤ አምስት። ዘጠኝ ላይ ግን አልመቱም። እጃቸውን ገልብጠው አየር ላይ ተዉት። አስራ ሦስት ላይ እንደገና መቱ። አስራ ስድስት ሲሞላ ወደ አንድ ተመለሱ። ቲንታል ይባላል፣ አስራ ስድስት ምት ነው። ያቺ ባዶ እጅ «ካሊ» ናት፣ ባዶ ማለት። ታብላውን ልብ ብለህ ስትሰማ ከዘጠነኛዋ ምት ቀጥሎ የግራው ከበሮ ጉርምርምታ ለአፍታ ይጠፋል፣ ወደ መጨረሻው ይመለሳል። መንገድህ ቢጠፋብህ ያን ያዝ። ዘፋኙና ታብላው ተለያይተው ተለያይተው «አንድ» ላይ ሲገናኙ ያ ሁሉ ሜዳ በአንድ ጊዜ «ዋህ!» አለ። አዛውንቱ እጄን ጨብጠው ሳቁ።

ታብላ ካነሳን ዛኪር ሁሴን። አባቱ አላ ራካ የራቪ ሻንካር ታብላ ተጫዋች ነበር። ዛኪር ራሱ እንደሚተርከው፣ ተወልዶ አባቱ እቅፍ ሲገባ አባትየው በጆሮው ጸሎት በማንሾካሾክ ፈንታ የታብላ ምት አነበነበለት። በየካቲት 2024 በአንድ ምሽት ሦስት ግራሚ ወሰደ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ73 ዓመቱ አረፈ። ሐዘኑ ገና አልወጣልኝም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሰሜኑ፣ ስለ ሂንዱስታኒው ነው። ደቡብ ሌላ ዓለም ነው፣ ካርናቲክ ይባላል። እዚያ የተደረሰ ዝማሬ ዋና ነገር ነው። ከደራሲዎቹ ሁሉ ከፍ የሚለው ትያጋራጃ ነው፤ ከ1767 እስከ 1847 የኖረ፣ በቴሉጉ ቋንቋ ለሂንዱው አምላክ ለራማ የዘመረ። በየዓመቱ በጥር ወር መቃብሩ ባለበት በቲሩቫያሩ ከተማ ሙዚቀኞች ተሰብስበው አምስት ታላላቅ ዝማሬዎቹን በአንድ ድምፅ ይዘምራሉ። መቃብሩ ተረስቶ ነበር። ያነሳችው ባንጋሎር ናጋራትናማ የምትባል ድምፃዊት ናት። መሬቱን ገዝታ፣ ጌጧን ሸጣ በ1920ዎቹ መታሰቢያ አሠራችለት። ያኔ ሴቶች በበዓሉ ላይ መዘመር አይፈቀድላቸውም ነበር። እሷ ሴቶቹን አሰባስባ የራሳቸውን ዝግጅት አቆመች፣ ኋላም በሩ ተከፈተ። ዛሬ የእሷም መታሰቢያ እዚያው ከእሱ ፊት ለፊት ነው።

ከደቡብ ለመጀመሪያ የምሰጥህ ድምፅ የኤም ኤስ ሱቡላክሽሚ ነው። በ1916 ማዱራይ ተወለደች። እናቷ ቪና የሚባለው የክር መሣሪያ ተጫዋች ነበረች። በ1966 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዘፈነች። በ1998 የአገሪቱን ከፍተኛ ክብር ባራት ራትናን ስትቀበል ከሙዚቀኞች የመጀመሪያዋ ነበረች። የቲሩፓቲን ቤተ መቅደስ የማለዳ ጸሎት የቀዳችው ቅጂ ደቡብ ህንድ ውስጥ በየቤቱና በየሱቁ ጎህ ሲቀድ ይከፈታል። ድምፁን ሰምቶ ቡና የሚያፈላው ሰው ቁጥር የለውም። ጊዜ ካጠረህ እሷን ብቻ ስማ።

እንግዲህ ለዚህ ሳምንት ይህን አድርግ። ዛሬ ማታ ኪሾሪን፣ ቡፕ። ነገ ክራርህ ላይ ሚ እና ላ ሙከራዋን። ከነገ ወዲያ ኒኪል ባነርጂን፣ ከዚያ ቪላያትን። ቅዳሜ ቢምሰንን፣ እሑድ በማለዳ ሱቡላክሽሚን። ያቺን እንቅልፍ የወሰደችህን የራቪ ሻንካር ቅጂ ለመጨረሻ አቆያት። ስትከፍታት አትተኛ፤ ቁጭ ብለህ የትኛው ድምፅ ላይ እንደሚያርፍ ፈልግ። ታብላው ሲገባ መዳፍህን መታ አድርገህ ቁጠር። አስራ ስድስት ካልገጠመልህ አስር ሞክር፣ ወይ ሰባት፣ ወይ አስራ ሁለት። የገጠመልህን ቁጥር ጻፍልኝ።